የሸዋአለም ባዶ ቦታ

ከይርጋጨፌ ወደ ኢዲዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ በሽቦ የታጠረ አንድ ቁራጭ መሬት አለ። ግራ ቀኙ ቡና ነው፣ ከቡናው ጋር እንሰት፣ ከሁሉም በላይ ዛፍ። እዚህ አገር መሬት ልብሱን አውልቆ አያድርም። ያቺ ቁራጭ ግን ከአጭር ሣር በቀር ምንም የለባትም። መሃሏ ላይ አንድ ነጭ የእንጨት ሳጥን በአራት እግሩ ቆሟል፤ ከጎኑ የዝናብ መለኪያው፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ንፋስ የሚያሽከረክረው መሣሪያ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ቴርሞሜትሮች ናቸው፤ ለማያውቅ ሰው ግን ዘመናዊ የንብ ቀፎ ይመስላል። አንድ ከፍስሐ ገነት ከተማ የመጣ ነጋዴ ሱቄ ገብቶ «ማሩ መቼ ነው የሚቆረጠው?» ብሎኝ ነበር። እኔም አላስቻለኝም፣ «ባለቤቷን ጠይቃት» ብዬ ላክሁት። ምን እንዳለችው አልነገረኝም፤ ብቻ ሲመለስ በሱቄ በኩል ቀና ብሎ ሳያይ ነው ያለፈው።

የሳጥኑ ባለቤት ሸዋአለም ናት። እኔ ሙሉነሽ እባላለሁ፤ አባቴ ከሰላሌ መጥቶ የከፈተውን ሱቅ ይዤ እዚሁ ቀርቻለሁ። ጓደኛሞች ነን፤ ጓደኛሞች ስላችሁ ታዲያ በሳምንት አንዴ ሳንኳረፍ አንቀርም። እሷ ዲላ ተወልዳ ያደገች የከተማ ልጅ ናት። አማኑ የሚባል የዚህ ቀዬ ቡና ገበሬ አግብቶ አመጣት። ተመራማሪዎቹ ከዲላ መጥተው የአየር ንብረት ጣቢያ ሲያቋቁሙ ከአማኑ ማሳ ቆርሰው ቦታውን አጠሩ፤ መለኪያውን የምታነበው ደግሞ ሸዋአለም ሆነች።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ትወጣለች፣ የተጠራቀመውን ዝናብ በሚሊ ሜትር ትለካለች፣ ሙቀቱን ታነባለች፣ ጽፋ በስልኳ ወደ ዲላ ትልካለች። ያየ ሁሉ «ይኸው ነው?» ይላታል። እሷም ወገቧን ይዛ «አዎ፣ ይኸው ነው። እሁድ የለ፣ በዓል የለ፣ ልታመም የለ። በል እስቲ አንተ ሞክረው!» ትለዋለች። ምላሷን ታውቋታላችሁ፤ ካላወቃችሁም ይቅርባችሁ።

ሣሩን ማጨድ፣ ሽቦውን መጠገን፣ ከብት ማባረርም የሷ ሥራ ነው። ከሁሉም ከባዱ ግን ሰውን ማሳመን ነበር። ለጌዴኦ ሰው መሬት ባዶውን ማሳደር ነውር ነው። «ለምን ጥቂት እንሰት እንኳ ጣል አታደርጊበትም?» ይሏታል ጎረቤቶቹ፣ ከልባቸው አዝነውላት። እሷ ደግሞ ሳትሰለች ታስረዳለች። በመለኪያው አጠገብ ረጅም ነገር ከቆመ ዝናቡን ይከልለዋል፣ ንፋሱን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ማንኛውም ነገር የቁመቱን እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። ይህን የምትለካበት ገመድ በጣቢያው በር ላይ ዘወትር ተሰቅሎ ነው የሚውለው።

አማኑም መጀመሪያ ላይ ተናዶ ነበር። ቦታው ሲመነጠር ዛፎቹ ሲወድቁ ቆሞ አየ። «መሬቴን አራቆታችሁብኝ፤ እንግዲያውስ አንድ እንኳ ልተካ!» አለና ከሽቦው ወዲያ፣ በቤታቸው ደጃፍ በኩል፣ ዋንዛ ተከለ። ያኔ ዋንዛው ከጉልበት አይዘልም ነበር። ዋንዛው ከፍ ሲል አማኑ በየዓመቱ እየወጣ ከጫፉ ላይ ገመዱን ይለቅላታል፤ እሷ ከታች ሆና የቁመቱን እጥፍ በገመዱ ትለካለች። እሱ ከላይ እየሳቀ «ገና ነው! ገና ልጅ ነው!» ይላታል። እኔ ከሱቄ ሆኜ ሁለቱንም እሰድባቸዋለሁ፤ ባልና ሚስት በዛፍ ሲጫወቱ ታይቶ አይታወቅማ።

አማኑ ሌላም አመል ነበረው። ጠዋት ጠዋት ከዋንዛው ሥር ቆሞ «ስንት ነው ዛሬ?» ብሎ ይጮኻል። ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡን ሲሰማ ያደረ ሰው! ቡናውን ማድረቂያው አልጋ ላይ አስጥቶ ወይም ሸፍኖ ጨርሶ እንኳ ይጠይቃታል። እሷም ቁጥሩን ጮክ ብላ ትነግረዋለች። እኔ ሰዓቴን የማውቀው በነሱ ጩኸት ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት አማኑ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። ማሳው ውስጥ ቅርጫቱን እንደያዘ ወደቀ፣ አልተነሳም። ከለቅሶው በኋላ ሸዋአለም ወደ ዲላ ቤተሰቦቿ ትመለሳለች ብለን ስንጠብቅ አልተመለሰችም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትወጣለች፣ ታነባለች፣ ከዚያ ወደ ዋንዛው ዞራ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች። የሚጠይቃት የለ፣ የሚመልስላት የለ። መጀመሪያ ያበደች መስሎኝ ፈራሁ።

«ሸዋዬ፣ ለማን ነው የምትነግሪው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ጆሮ ላለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሜ አልጠየቅኋትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በዚህ ክረምት የችግኝ ተከላውን የሚያስተባብረው ከፈለኝ የሚባል የቀበሌያችን ሰው ነበር። ከፈለኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ መናደዴ ስለማይቀር። ሥራ ይወዳል፣ ድምፁ ጎላ ያለ ነው፣ ችግኝ ተርፎት ካደረ እንቅልፍ አይወስደውም። የዚያን ቀን ዳገቱን ተክለው ሲጨርሱ ችግኝ ተረፋቸው። ወደ መንገዱ ሲወርዱ ያቺን ባዶ ቦታ አዩ። ሸዋአለም የጠዋቱን አንብባ ስትጨርስ የተሰበረ ቴርሞሜትር ልትቀይር ዲላ ሄዳለች። እኔም ሱቄን ዘግቼ ዕቃ ላመጣ ይርጋጨፌ ወርጃለሁ። እኔ ብኖር ይህ አይሆንም ነበር፤ አካፋቸውን ነጥቄ ነበር የማባርራቸው።

አዘኑላት እኮ ነው! «ባሏ የሞተባት፣ የሚያግዛት ያጣች ሴት፣ መሬቷ እንዲህ ተራቁቶ» ብለው አዘኑላት። በሩን ከፍተው ገቡ፣ ዝግባውን፣ ግራቪሊያውን፣ አቮካዶውን በመስመር ተከሉላት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ ነበር። አንዱ ደግ ሰው ደግሞ ምን አደረገ መሰላችሁ? በመለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ አውጥቶ፣ መለኪያው ጥግ ላይ የተከላትን አቮካዶ አጠጣት። መሬቱ በዝናብ ርሶ እያለ! ወይ ጉድ! ደግነትም እንዲህ ሲሆን ያናድዳል።

ሸዋአለም አመሻሹ ላይ ከሞተር ወርዳ በሩ ላይ ስትቆም እኔም ደርሼ ነበር። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። የዲላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ገባችና መለኪያውን ከፍታ አየች። ከዚያ ተንበረከከች። ችግኞቹን አንድ በአንድ፣ ከነአፈራቸው፣ ሥራቸውን ሳትነካ አወጣቻቸው። ቤቷ ጥግ ደርድራ እርጥብ የማዳበሪያ ጆንያ አለበሰቻቸው። አንዱንም አልጣለችም፤ ኋላ ጣለች ሲባል በዓይኔ ያየሁትን ነው የምመሰክረው።

«የዛሬውን ዝናብ ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?» አልኳት።

«ባዶ ነው የሚሆነው።»

«ዘንቧል እኮ!»

«ዘንቧል። ስንት እንደዘነበ ግን አላውቅም።»

«ታዲያ ገምቺና ጻፊያ! ማን ያይሻል?»

አስተያየቷን ባያችሁት። «ግምት ከፈለጉ ከዚህ ሁሉ ሰው ለምን እኔን መረጡ? አንቺ ትበቂያቸው ነበር» አለችኝ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

በማግስቱ ከፈለኝ መጣ። «ችግኝ ነቃይ!» አላት መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ። «አገር ዛፍ እየተከለ አንቺ ትነቅያለሽ? እኛ ለአንቺ ብለን!»

«ለኔ ከሆነ ጠይቁኛ!»

«ገና ጉልበት እንኳ የማትደርስ ችግኝ ምን አደረገችሽ?»

«የተከልካት ለማደግ አይደለም እንዴ? ወይስ እንዳታድግ አድርገህ ነው የተከልካት?»

ሰው ሳቀ። የሳቀው ሰው ነው ነገሩን ያበላሸው፤ ከፈለኝ መሳቂያ መሆን አይችልም። እዚያው ቆሞ ቦታው ለችግኝ ማፍያ እንዲሰጥ፣ ጣቢያውም ወደ ሌላ እንዲነሳ እንደሚያስደርግ ፎከረ።

ከታረቅን በኋላ ሸዋአለም ዲላ ላለው ተመራማሪ ለነብዩ ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለያዘችው እኔም ሰማሁ። ነብዩ ረጋ ያለ ልጅ ነው፣ ይወዳታል። «እትዬ ሸዋ፣ ከቀበሌ ጋር አትጣዪ። ግድ ከሆነ ወደ ታች እናዛውረዋለን፤ ሥራሽን አታጪም» አላት።

«ሥራዬን መች ጠየቅኩህ! እስከ ዛሬ ያነበብኩትስ?»

«እሱማ አይጠፋም። ግን እዚያ ላይ ይቆማል። አዲሱ ቦታ ከአዲስ ይጀምራል።»

ስልኩን ዘጋችው። እኔም ገባኝ። ከአማኑ ጋር የጀመረችው፣ እሱ እየጠየቃት፣ እሷ እየመለሰችለት እስከ ዛሬ የመጣው ነገር ሊቆረጥ ነው። «አላስነካም!» አለች በመጨረሻ። «እዚህ ነው የጀመርኩት፣ እዚሁ ነው የሚቀጥለው።»

ከፈለኝ ብልጥ ነኝ ብሎ ነገሩን ወደ ሶንጎ ወሰደው። ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው። ዙሪያውን ስንት ዕድሜ ያላቸው ዛፎች ቆመውበታል፤ መሃሉ ግን ሣር ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፍ እንደ ልጃቸው ስለሚወዱ ይፈርዱልኛል ብሎ ነው። ዋናው ሽማግሌ፣ በጌዴኦ አጠራር ሀይቻው፣ ደግሞ ሀይቻ ቦና ናቸው፤ የአማኑ አጎት። እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ፤ ለምስክርነት ማንም አልጠራኝም፣ ግን ማን ያስቀረኛል?

ከፈለኝ ተናግሮ ተናግሮ ሲጨርስ ሀይቻ ቦና ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ ነቅለሻል?»

«ነቅያለሁ። ነገም ከተተከለ ነገም እነቅላለሁ።»

ጉርምርምታ ሆነ። እኔ በሆዴ «ኧረ ሴትዮ፣ ትንሽ እንኳ ለስለስ በይ!» እላለሁ። እሷ እቴ! ጭራሽ ወደ ከፈለኝ ዞረች።

«አንተ፣ ይህን ሣር ታየዋለህ? ስንት እንሰት ይወጣዋል?»

«ብዙ» አለ ሳያስበው።

«ታዲያ ለምን አልተከልክበትም?»

«ሶንጎ ነዋ! ሰው የሚነጋገርበት ቦታ ላይ ማን ይተክላል?»

«የኔም ቦታ እንደዚሁ ነው። እዚህ ሰው ይናገራል፣ እዚያ ደግሞ ሰማይ። አባቶቼ፣ ዛፍ ጠልቼ አይደለም። ዝናቡ እየዘገየ፣ ቡናው ያለ ጊዜው እያበበ መሆኑን እናንተም ታወራላችሁ። ወሬውን የሚይዘው ያ ቦታ ነው። እሱ ከተከለለ ሁላችንም የምናወራው ግምት ነው የሚሆነው። ከዚያ አልነሳም!»

አንዱ ሽማግሌ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፣ ሌላውም። እኔ «እሰይ!» ልል አፌን ስከፍት ሀይቻ ቦና በዱላቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «ቦታውን እንየው። ገመድሽን አዘጋጂ» አሉ።

ሁላችንም ወረድን። ሀይቻ ቦና ሽቦው ጥግ ቆመው ዙሪያውን አዩ። ዓይናቸው ዋንዛው ላይ አረፈ።

«ከመለኪያው የቁመቱን እጥፍ ይራቅ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ይህስ?»

ደሜ ፈላ። «አባባ! እርስዎ የአማኑ አጎት አይደሉም እንዴ? ልብ የለዎትም?» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ አላፈርኩም።

«ልብማ አለኝ» አሉ ረጋ ብለው። «አማኑን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ግን ለሰው የዘረጋችውን ገመድ ለራሷ ካጠፈች፣ ነገ ቦታዋን ማን ያከብርላታል?»

ሸዋአለም ዋንዛውን ቀና ብላ አየችው። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ እኔም ያየሁት ያኔ ነው። ቅጠሉ ቤቷን አልብሷል። ወጥቶ ገመድ የሚለቅላት ከሞተ ወዲህ አልተለካም። እያየችው ነው የኖረችው፣ በየቀኑ። ብቻ ገመዱን ወደዚያ አልዘረጋችውም።

ገመዱን ከበሩ አውርዳ ለአንድ ጎረቤት ሰጠችው። ሰውየው ዛፉ ላይ ወጣ፣ ከጫፉ ለቀቀ። ቁመቱን ያዘች፣ እጥፉን በገመዱ ለካች፣ ከመለኪያው ጀምራ ዘረጋች። ገመዱ ግንዱ ላይ ደረሰ፣ አለፈው፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ አለቀ።

«በቃ» አለ ከፈለኝ፣ የራራ መስሎት። «ዛፉም ይቅርላት፣ ጣቢያው ይነሳና ሁላችንም እንገላገል።»

ይህን ጊዜ ነው ሸዋአለምን ማየት! ገመዱን መሬት ላይ ጣለችው። «ማንን ነው የምታስነሳው? አማኑን ቀብሬ በማግስቱ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በጥቁር ልብሴ እዚህ ቆሜ ያነበብኩ ሴት ነኝ! ለቅሶ ያላስነሳኝን አንተ ነህ የምታስነሳኝ? ሙሉ፣ መጥረቢያ!»

«አላመጣም!» አልኩ። እያለቀስኩ ነበር።

ራሷ ገብታ አመጣች። ጎረቤቶች ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ «የመጀመሪያውን እኔ ነኝ!» አለች። ከግንዱ ፊት ትንሽ ቆመች፣ በመዳፏ አንዴ ነካችው፣ ከዚያ መታችው። ደገመች። ክንዷ ሲዝል ሀይቻ ቦና ራሳቸው መጥረቢያውን ተቀብለው ለወጣቶቹ ሰጡ። ዛፉ ሲወድቅ ቤቷ ላይ ብርሃን ወረደበት፤ ጓዳዋ ድረስ ታየ። እሷ አላለቀሰችም። እኔ ግን የሁለታችንንም አለቀስኩላት።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ፈረዱ። ባዶው ቦታ እንደ ሶንጎው ይከበር፣ ማንም ምንም እንዳይተክልበት። ለወደቀው ዋንዛ ምትክ ችግኞቹ ከቤቷ ጀርባ፣ ገመዱ ከማይደርስበት ቁልቁለት ይተከሉ፤ የሚተክለውም ከፈለኝ ራሱ ይሁን። ከፈለኝ ጆንያውን ገልጦ ችግኞቹን ሲያይ አንዱም አልጠወለገም። «በደንብ ነው የያዝሻቸው» አላት ቀስ ብሎ። «መጠየቅ ነበረብህ» አለችው፤ ምላሷ አሁንም አልለሰለሰም።

ሌሊቱን ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ወደዚያ አላይም ብዬ ምዬ ነበር። አየሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ወጣች። መለኪያውን ከፈተች፣ ውሃውን ወደ መለኪያ ብርጭቆዋ ገለበጠች፣ ዓይኗ ድረስ ከፍ አድርጋ አነበበች፣ ጻፈች። ከዚያ እንደ ልማዷ ዞረች። ጉቶው ብቻ ነው ያለው። አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ቆመች። ቆማ ቀረች።

እኔ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ተናደድኩ። በሷ ተናደድኩ፣ በጉቶው ተናደድኩ፣ አማኑ በመሞቱ እንደገና ተናደድኩ። ሚዛኔን ጥዬ ወጣሁና መንገዱ መሃል ቆምኩ።

«ስንት ነው ዛሬ?» አልኳት።

ቀስ ብላ ዞረች።

«ምን አልሽ?»

«ስንት ነው ዛሬ? ነው ያልኩሽ!»

«አይሰማም!» ብላ ጮኸችብኝ። «ጮክ በይ! እሱ ጮክ ብሎ ነበር የሚጠይቀው!»

እጆቼን አፌ ላይ አድርጌ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮኽኩ። አንድ ሞተረኛ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ሸዋአለምም አንገቷን ቀና አድርጋ መለሰችልኝ።

«አሥራ ስምንት ነጥብ ሁለት!»

ቁልቁል ከፈለኝ ቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።